ፌሎኒ ወይስ ሚስዲሚነር? በዋሽንግተን አካባቢ ስለ ከባድ ስርቆት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሥራዬ ፍርድ ቤት ውስጥ በአማርኛ ማስተርጎም ነው። ጠበቃ አይደለሁም። ጥያቄው ግን ችሎት በር ላይ ብቻ ሳይሆን ለቅሶ ቤት ተቀምጬም ይመጣብኛል። «ልጄ በስርቆት ተያዘብኝ፤ ነገሩ ከባድ ነው ወይ?» ይሉኛል። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው የት እንደተያዘ ነው። ምን እንደወሰደ የምጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው። ከፖቶማክ ወንዝ ወዲህና ወዲያ፣ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያለው ሕግ አንድ አይደለምና። በብዛት የሚመጡልኝን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ። የኢትዮጵያው ሲነሳ ካልሆነ በቀር ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ፌሎኒና ሚስዲሚነር ልዩነታቸው ምንድን ነው?

በአብዛኛው ስቴት ፌሎኒ የሚባለው ከአንድ ዓመት በላይ ሊያሳስር የሚችል ወንጀል ነው። ሚስዲሚነር ደግሞ እስከ አንድ ዓመት የሚያሳስረው ነው። ልብ በሉ፣ የሚታየው ሕጉ የፈቀደው ጣሪያ ነው። ዳኛው በመጨረሻ የፈረዱት ሌላ ነገር ነው።

አማርኛችን ለሁለቱ ልክ የሚሆን ቃል የለውም። ድሮ «ከባድ ወንጀል» እና «ቀላል ወንጀል» እያልኩ ነበር የማስተረጉመው። አንድ ቀን «ቀላል» ስል ተከሳሹ እፎይ ሲል አየሁት። ትከሻው ወረደ። ወደ ሚስቱ ዞሮ ፈገግ አለ። ዳኛው ግን የሚያወሩት እስከ 12 ወር ስለሚያሳስር ነገር ነበር። ያን ዕለት ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከዚያ ወዲህ «ሚስዲሚነር» ብዬ ቃሉን ራሱን እጠራለሁ። እዚህም የማደርገው እንደዚያው ነው።

ስርቆት ፌሎኒ የሚሆነው ከስንት ዶላር ጀምሮ ነው?

ቨርጂኒያ 1,000 ዶላር። ዲሲም 1,000 ዶላር። ሜሪላንድ 1,500 ዶላር።

የቨርጂኒያው ስሙ «ግራንድ ላርሰኒ» ነው፤ ትልቅ ስርቆት ማለት ነው። ከ1 እስከ 20 ዓመት ያስፈርዳል፤ ፍርዱ ወደ 12 ወርና ከዚያ በታች ሊወርድም ይችላል። ዲሲ «የአንደኛ ደረጃ ስርቆት» ይለዋል፤ ጣሪያው 10 ዓመት ነው። ሜሪላንድ እንደ ደረጃ ነው የሠራው። ከ1,500 እስከ 25,000 ዶላር ድረስ 5 ዓመት፣ እስከ 100,000 ዶላር ድረስ 10 ዓመት፣ ከዚያ በላይ 20 ዓመት።

ዘመድ ሌላ ስቴት ያላችሁም ትጠይቁኛላችሁ። ካሊፎርኒያ 950 ዶላር ነው። ሚኒሶታ ከ1,000 ዶላር ሲያልፍ ነው። ኮሎራዶ 2,000፣ ቴክሳስ 2,500። ኒው ጀርሲ «ፌሎኒ» የሚለውን ቃል ባይጠቀምም ከ200 ዶላር ጀምሮ ወደ ከባዱ ፍርድ ቤት ይወስደዋል። ቶሮንቶ ላላችሁ ደግሞ የካናዳ መስመር 5,000 ዶላር ነው፤ ለአገሩ በሙሉ አንድ ነው።

አንድ አገር ውስጥ መስመሩ እንዲህ የተዘበራረቀው ለምንድን ነው?

መነሻው እንግሊዝ ነው። በ1275 በወጣ ሕግ ከ12 ፔንስ በላይ የሰረቀ ሰው ወንጀሉ «ግራንድ ላርሰኒ» ሆነ። ቅጣቱ ስቅላት ነበር። 12 ፔንስ ያኔ ትልቅ ገንዘብ ነው። ዘመን ሲሄድ ገንዘቡ ረከሰ፤ መስመሩ ግን እዚያው ቆመ። ሰው በማይረባ ዕቃ የሚሰቀልበት ጊዜ መጣ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ልቤን የሚነካው ጁሪዎቹ፣ ከሕዝብ ተመርጠው የሚፈርዱት ሰዎች፣ ያደረጉት ነው። ከመኖሪያ ቤት 40 ሺሊንግ የሰረቀ ሰው ሞት ይፈረድበት ነበር። ጁሪዎቹ ዕቃው የቱንም ያህል ውድ ቢሆን «ዋጋው 39 ሺሊንግ ነው» እያሉ የሰው ነፍስ ያተርፉ ነበር። እንግሊዝ ይህን የግራንድና የፔቲት (የትልቅና የትንሽ ስርቆት) ክፍፍል በ1827 ሰረዘችው። አሜሪካ ግን ወርሳው ቀረች። የወንጀል ሕግ የየስቴቱ ጉዳይ በመሆኑ መስመሩን እያንዳንዱ ምክር ቤት በራሱ ጊዜ ይገፋዋል ወይም ይተወዋል።

ቨርጂኒያ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ1980 መስመሩን 200 ዶላር አደረገች፤ 38 ዓመት ሳትነካው ቆየች። በዚያ ዘመን አንድ ጃኬትና አንድ ጫማ የወሰደ ልጅ ፌሎኒ ይዞ ይወጣ ነበር። በ2018 ወደ 500፣ በ2020 ደግሞ ወደ 1,000 ዶላር ከፍ አለ። በ200 ዶላሩ ጊዜ የተፈረደበት ሰው ግን መስመሩ ስለተነሳ ብቻ ፌሎኒው አልተፋቀለትም። ዛሬም ሥራ ሲያመለክት ፎርሙ ላይ «በፌሎኒ ተፈርዶብህ ያውቃል?» የሚለውን ሣጥን ምልክት ያደርግበታል።

የተወሰደው ጥቂት ብር ሆኖ ፌሎኒ ሊሆን ይችላል?

አዎ፣ ይችላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

የሜትሮ ብሉ ላይን ከሜሪላንድ ላርጎ ተነስቶ፣ ዲሲን አቋርጦ፣ ቨርጂኒያ ስፕሪንግፊልድ ይደርሳል። አንድ ሰው ባቡሩ ላይ ከተሳፋሪ ኪስ 20 ዶላር ላፍ አደረገ እንበል። ሜሪላንድ ውስጥ ከሆነ ከ100 ዶላር በታች ስርቆት ነው፤ ጣሪያው 90 ቀን እስር ነው። ባቡሩ ዲሲ ከገባ በኋላ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሮበሪ (ውንብድና) ሊሆን ይችላል። የዲሲ ሕግ ከሰው ላይ በድንገት ወይም በስውር መውሰድንም ሮበሪ ውስጥ ይከታል፤ ቅጣቱ ከ2 እስከ 15 ዓመት ነው። ወንዙን ተሻግሮ ቨርጂኒያ ከሆነስ? ከሰው ላይ 5 ዶላር እና ከዚያ በላይ መውሰድ ግራንድ ላርሰኒ ነው። ያው እጅ፣ ያው ኪስ፣ ያው 20 ዶላር ነው። የተለወጠው ፌርማታው ብቻ ነው።

ሕጉ እንዲህ የሚያደርገው ከሰው ገላ ላይ መውሰድ አደጋ አለው ብሎ ነው። ባለቤቱ ይነቃል፣ ትግል ይነሳል፣ ሰው ይጎዳል። የጦር መሣሪያም እንዲሁ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ የተሰረቀ ጠመንጃ ወይም ሽጉጥ ዋጋው ምንም ይሁን ምን ፌሎኒ ነው። ካሊፎርኒያም የጦር መሣሪያን እንደዚያ ታያለች።

የዕቃው ዋጋ የሚለካው በምንድን ነው?

በተሰረቀበት ዕለት ገበያ ላይ በሚያወጣው ዋጋ ነው። ባለቤቱ ሲገዛው በከፈለው አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት በ1,100 ዶላር የተገዛ ስልክ ዛሬ ስክሪኑ ተሰንጥቆ ባትሪው ደክሞ ሊሆን ይችላል። ያን ዕለት 400 ዶላር የሚያወጣ ከሆነ ቨርጂኒያ ውስጥ ፌሎኒ አይደለም። ዋጋውን ማስረዳት ያለበትም ዐቃቤ ሕጉ ነው። ከሱቅ የተወሰደ አዲስ ዕቃ ከሆነ ግን የተለጠፈበት ዋጋ ብዙ ጊዜ እንደ ማስረጃ ይበቃል። ዋጋው ከመስመሩ ጋር ከተቀራረበ ጠበቃችሁ ይህን አጥብቆ እንዲይዘው ንገሩት። 980 እና 1,020 ዶላር መካከል ያለው ልዩነት የሰው ዕድሜ ሊሆን ይችላል።

ትንሽ ትንሽ በተለያየ ቀን ቢወሰድስ?

ሊደመር ይችላል። ሜሪላንድ በአንድ ዕቅድ የተፈጸሙትን ደምሮ እንደ አንድ ወንጀል ያያል። ቨርጂኒያ ከ2023 ጀምሮ የተደራጀ የሱቅ ስርቆት የሚል ሕግ አላት። ከሌላ ሰው ጋር ሆኖ፣ ለመሸጥ፣ በ90 ቀን ውስጥ በድምሩ ከ5,000 ዶላር በላይ የሱቅ ዕቃ የወሰደ ከ5 እስከ 20 ዓመት ይጠብቀዋል። ልጆች «እኔ በሩ ጋ ቆሜ ነበር እንጂ አልነካሁም» ይላሉ። ለስርቆቱ አስቦ አብሮ መሆኑ ይበቃል።

ካሊፎርኒያም በ2024 በሕዝብ ድምፅ ጠበቅ አድርጋለች። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ በስርቆት የተፈረደበት ሰው ከ950 ዶላር በታች ቢወስድም በፌሎኒ ሊከሰስ ይችላል። ቨርጂኒያ በተቃራኒው ሄዳለች፤ ሦስተኛውን ትንሽ ስርቆት ፌሎኒ ያደርግ የነበረውን ሕግ በ2021 አንስታለች።

ከሱቁ ሳልወጣ ነው የያዙኝ። ይሄም ስርቆት ነው?

ሊሆን ይችላል። ቨርጂኒያ ውስጥ ዕቃን ሱቁ ውስጥ መደበቅ፣ ለምሳሌ ሽቶ ከካርቶኑ አውጥቶ ቦርሳ ውስጥ መክተት፣ ላለመክፈል እንደታሰበ ማስረጃ ተደርጎ ይወሰዳል። በሩን ማለፍ የግድ አይደለም። የዋጋ ስቲከር መቀየርም ያው ነው። ራሳችሁ ስካን የምታደርጉበት ካሽ ላይ በስህተት አንድ ዕቃ ማለፍ ደግሞ ሌላ ነው። ስርቆት እንዲባል ሐሳብ መኖር አለበት። ስህተት ከነበረ ስህተት እንደነበረ ለጠበቃችሁ ተናገሩ። ለሱቁ ጥበቃ ግን ወረቀት አትፈርሙ። እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ እያለቀሱ የፈረሙትን ወረቀት ፍርድ ቤት ውስጥ ሲነበብባቸው ያየኋቸው ብዙ ናቸው።

ስርቆት፣ ሮበሪ እና በርግለሪ አንድ አይደሉም?

አማርኛ ላይ ሁሉንም «ተዘረፍኩ» እንላለን። ፖሊስ ፊት ግን መለየት አለበት።

ስርቆት ማለት ያለፈቃድ መውሰድ ነው። ሮበሪ በጉልበት ወይም በማስፈራራት ከሰው መውሰድ ነው፤ እኛ ውንብድና የምንለው። በርግለሪ ወንጀል ለመሥራት አስቦ ሕንፃ ውስጥ መግባት ነው። ምንም ሳይወስድ ቢወጣም በርግለሪ ነው። አንድ ነገር ልጨምር። እንደ ካሊፎርኒያ ባሉ ቦታዎች የ15 ዶላር ዕቃ ይዞ ሲወጣ ጥበቃውን ገፍቶ ያመለጠ ልጅ ጉዳዩ ከሱቅ ስርቆት ወደ ሮበሪ ይዞርበታል። ልጆቻችሁን ስትመክሩ ይህን ንገሯቸው። የተያዘ ልጅ አይታገል፣ አይግፋ።

ከሥራ ቦታዬ ካሽ ወስደሃል ተባልኩ። ይሄስ?

በአደራ የተሰጠን ገንዘብ ለራስ ማዋል ኢምቤዝልመንት ይባላል። እኛ እምነት ማጉደል የምንለው ነው። ቨርጂኒያ እንደ ላርሰኒ ነው የምትቀጣው፤ የ1,000 ዶላሩ መስመርም ይሠራበታል።

ኢትዮጵያ ውስጥስ እንዴት ነው?

የአገራችን ሕግ ገንዘብ ቆጥሮ መስመር አያሰምርም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ተራ ስርቆትን በአንቀጽ 665፣ ከባድ ስርቆትን በአንቀጽ 669 ለይቶ አስቀምጧል። የሚያየው ሁኔታውን ነው። የተቀደሰ ንዋይ ወይም ታሪካዊ ቅርስ ከሆነ፣ በቡድን ከተፈጸመ፣ ሰብሮ ወይም ዘሎ በመግባት ከሆነ ወደ ከባዱ ይሄዳል። ለዚያም ነው «የወሰድኩት እኮ ትንሽ ናት» የሚለው ክርክር ለእኛ ሰው በቀላሉ የማይገባው። የቤተ ክርስቲያን ጽና የሰረቀን ሰው ስንት ብር ያወጣል ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ጀርመንም ለዚህ ትቀርባለች። መሣሪያ መያዝ፣ ቡድን እና መኖሪያ ቤት መግባት ነው የሚያከብደው። የዛሬዋ እንግሊዝ ደግሞ በ1968 ሕጓ ስርቆትን አንድ አድርጋ እስከ 7 ዓመት ትቀጣለች። ሮበሪና በርግለሪ ለብቻቸው ናቸው።

«ሚስዲሚነር ነው» ተብዬ ነበር። ታዲያ ኢሚግሬሽን ምን አገባው?

ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት ለዚህ ጥያቄ ስል ነው። እባካችሁ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

የኢሚግሬሽን ሕግ የፌዴራል ነው። ስቴቱ ለወንጀሉ ያወጣለት ስም አያስረውም። የራሱ ሁለት ሚዛን አለው።

አንደኛው የሥነ ምግባር ጉድለት ያለበት ወንጀል የሚባለው ነው። ስርቆት አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ይገባል። አሜሪካ በገባ በ5 ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ አንድ ወንጀል የፈጸመ ሰው፣ ወንጀሉ የአንድ ዓመት ወይም የበለጠ እስር ሊያስፈርድ የሚችል ከሆነ፣ ግሪን ካርድ ቢኖረውም ዲፖርት ሊደረግ ይችላል። ልብ በሉ፣ «ሊያስፈርድ የሚችል» ነው። አንድ ቀን ባይታሰርም። አሁን ሦስቱን ጎረቤቶች እንያቸው። የ80 ዶላር ጫማ ለመጀመሪያ ጊዜ መስረቅ ሜሪላንድ ውስጥ ጣሪያው 90 ቀን ነው። ዲሲ ውስጥ 180 ቀን። ቨርጂኒያ ውስጥ 12 ወር። 12 ወር አንድ ዓመት ነው! ስለዚህ ያው ጫማ፣ ያው «ሚስዲሚነር»፣ ቨርጂኒያ አርሊንግተን ውስጥ ሲሆን ለአዲስ ግሪን ካርድ ባለቤት አገር የሚያስለቅቅ ነገር ሊሆን ይችላል። በተለያየ ጊዜ የተፈጸሙ ሁለት ከሆኑ ደግሞ 5 ዓመቱም አይቆጠርም።

ሁለተኛው ሚዛን «አግራቬትድ ፌሎኒ» ይባላል። ስርቆት ሆኖ የአንድ ዓመት እስር የተፈረደበት ከሆነ እዚህ ሊወድቅ ይችላል፤ ስቴቱ ሚስዲሚነር ቢለውም። ማጭበርበር ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ ከ10,000 ዶላር ሲያልፍ ነው። እዚህ የወደቀ ሰው የመከላከያ በሮች አብዛኛዎቹ ይዘጉበታል፤ ዜግነት ማግኘትም ይቀርበታል።

ዳኛው እኮ እስሩን አግደውልኛል። አንድ ቀን አልታሰርኩም!

የታገደ እስር ለኢሚግሬሽን እንደተፈረደ እስር ነው የሚቆጠረው። 12 ወር ተፈርዶ 12ቱም ወር ቢታገድ ፌዴራሉ 12 ወር ብሎ ይጽፈዋል።

አንድ የታወቀ ጉዳይ አለ። ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ የግሪን ካርድ ባለቤት ፑል ሲጫወት ተጨቃጨቀና የተጋጣሚውን ሁለት የፑል ስቲክ ይዞ ሄደ። ግራንድ ላርሰኒ ተባለ። 12 ወር ተፈረደበት፤ ሙሉ በሙሉ ታገደ። ኢሚግሬሽን ግን አግራቬትድ ፌሎኒ ነው ብሎ ሊያስወጣው ተነሳ። ለሁለት ስቲክ! በ2014 ሪችመንድ የሚገኘው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት አዳነው። ምክንያቱ የቨርጂኒያ ላርሰኒ ማጭበርበርንም አብሮ ስለሚያካትት ከፌዴራሉ የስርቆት ትርጉም ይሰፋል የሚል ነው። ሰውየው የዳነው ንጹሕ ነው ተብሎ አይደለም። የሁለት ሕጎች ትርጉም ስላልተገጣጠመ ነው። ሌላ ስቴት ቢሆን ያው ክርክር ላይሠራ ይችላል።

«ጥፋተኛ ነኝ በል፣ ከዓመት በኋላ ይሰረዝልሃል» አሉኝ። ልቀበል?

ዜጋ ካልሆናችሁ፣ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳታማክሩ አትቀበሉ። ጥፋተኛ ነኝ ካላችሁ እና ዳኛው ፕሮቤሽንም ሆነ ሌላ ግዴታ ከጣሉባችሁ፣ ስቴቱ በኋላ ቢሰርዘውም ለኢሚግሬሽን እንደተፈረደባችሁ ሊቆጠር ይችላል። የወንጀል ጠበቃችሁም ይህን የመንገር ግዴታ አለበት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 ወስኖታል። ካልነገራችሁ እናንተ ጠይቁት።

ወንድሜ በሜክሲኮ ድንበር ነው የገባው። አሳይለሙ ገና አላለቀም። የሱቅ ስርቆት ክስ ቢመጣበትስ?

በጥር 2025 የተፈረመው ሌከን ራይሊ አክት የሚባለው ሕግ በቀጥታ እሱን ሊመለከት ይችላል። ያለ ፍተሻ ወይም ያለ ትክክለኛ ወረቀት የገባ ሰው በስርቆት፣ በሱቅ ስርቆት ወይም በበርግለሪ ሲያዝ ወይም ሲከሰስ ኢሚግሬሽን እንዲያስረው ያዛል። መፈረድ አይጠበቅም፤ መያዙ ይበቃል። የዕቃው ዋጋም አይጠየቅም። ወንድምህን ዛሬውኑ ደውልለትና ንገረው።

ሱቁ 300 ዶላር ክፈል የሚል ደብዳቤ ላከብኝ። ብከፍል ክሱ ይቆማል?

አይቆምም። ያ የፍትሐ ብሔር ጥያቄ ነው። ክሱን የያዘው ዐቃቤ ሕጉ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ደብዳቤውን ለጠበቃ አሳዩ።

እንግሊዝኛ እችላለሁ። አስተርጓሚ ልጠይቅ?

ጠይቁ። ሥራ ቦታ የሚበቃ እንግሊዝኛ ችሎት ውስጥ አይበቃም። አስተርጓሚ መጠየቅ አያሳፍርም፤ ሁላችሁም ስትገቡ ለጸሐፊዋ ተናገሩ።

ጥፋተኛ ነኝ የሚባልበት ሰዓት ዳኛው ጥያቄዎቹን በፍጥነት ነው የሚደረድሩት። «ይህ መብትህ መሆኑ ገብቶሃል? ይህስ?» እያሉ ይቀጥላሉ። የእኛ ሰው ትልቅ ሰው ፊት ሲቆም ጭንቅላቱን ይነቀንቃል፤ ለአክብሮት ነው። ዳኛው ግን «አዎ» ብለው ነው የሚመዘግቡት። ካልገባችሁ «አልገባኝም፣ ጠበቃዬን ላናግር» በሉ። እኔ አጠገባችሁ ቆሜ ልመክራችሁ አይፈቀድልኝም። ያላችሁትን ቃል በቃል ብቻ ነው የምናገረው። «አልገባኝም» ካላችሁ ግን እሷንም ቃል በቃል፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ እናገራታለሁ።